አስቸኳይ፦ አፑ የአሜሪካ ወፍ ነው እያለኝ ነው

ጀማሪ አስጎብኚ፦
እባካችሁ ቶሎ። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ወፍ ሊያዩ የመጡ ሁለት እንግዶች ይዤ እወጣለሁ። ዛሬ ልለማመድ ብወጣ አንድ ወፍ ጉድ ሠራኝ። መጀመሪያ እንደ ደወል «ሁ... ሁ... ሁ» ይላል፤ ወዲያው ራሱ እንደሚቀደድ አቡጀዲ «ክርርሽ» ይላል። ድምፅ የሚለየውን አፕ ብከፍት ሦስቴ ሦስት ዓይነት የአሜሪካ ወፍ ሰጠኝ። አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፣ ያው ነው። ምን ይሻላል?

ሚሚ ዘፒያሳ፦
የት ሆነህ ነው የሰማኸው? ጫካ ነው ሰፈር?

ጀማሪ አስጎብኚ፦
ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ሙዚየሙ አጠገብ ያለው ቁጥቋጦ ውስጥ። አላየሁትም።

ባለ ላዳ፦
«ስታዲየም፣ ስታዲየም፣ አንድ ሰው» ካለ ረዳት ነው። የወፍ ቋንቋ ከሆነ ደግሞ ልጆቼን ልላክልህ፣ ኪኪኪ።

ሳሚ ሞባይል፦
አጥፍተህ ጫነው።

ጀማሪ አስጎብኚ፦
ጫንኩት አልኩ እኮ!

ጋሽ ቀበና፦
ልጄ፣ አፕ ከመክፈትህ በፊት ጆሮህን ክፈት። እኔ የጀመርኩት በጋጋኖ ነው። ጎህ ሲቀድ በመንጋ እየበረረ ሰፈሩን በጩኸት የሚቀሰቅሰው፣ ምንቃሩ ወደ ታች የቆለመመው። ይሄ አንገቱ ስር ሥጋ የተንጠለጠለበት የኛው ዓይነት ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የለም። እሱን ከለየህ ወደ ቁራው፣ ከዚያ ወደ ዋኖሷ። በሳምንት አንድ ድምፅ ይበቃሃል።

ጀማሪ አስጎብኚ፦
ጋሼ፣ ነገ ነው እኮ።

ኤልሳ፦
ለአፑ ሎኬሽን ፈቅደህለታል? እነዚህ አፖች ድምፁን ብቻ አይደለም የሚያዩት። ያለህበትን ቦታና ወቅቱንም ያገናዝባሉ። የት እንዳለህ ካላወቀ ዓለም ላይ ካለው ወፍ ሁሉ ይገምትልሃል።

ወፍ ጠባቂ፦
እኔ «ራሱ» ያልከው ላይ አልስማማም። የሰማኸው ሁለት ወፍ ነው። ጥንዶች ናቸው፤ አንዱ ደወሉን ይጀምራል፣ ሌላው ከአፉ ተቀብሎ ይመልሳል። የወፍ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ቡቡ» የሚሉት ይመስለኛል። ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ፣ ክንፉ ላይ ነጭ መስመር አለው። መደበቅ ይወዳል።

ጀማሪ አስጎብኚ፦
አይ፣ ከአንድ ቦታ ነው የመጣው። እርግጠኛ ነኝ።

ወፍ ጠባቂ፦
ጎን ለጎን ሲቀመጡ እንደዚያ ነው። ነገ ዝም ብለህ ቁም። ትንሽ ሲራራቁ ጥሪው ከአንዱ ቁጥቋጦ፣ መልሱ ከሌላው ይመጣል። ዛሬ ማታ ዜኖ ካንቶ የሚባለው የወፍ ድምፅ ቅጂዎች ያሉበት ዌብሳይት ላይ ገብተህ የቡቡን ድምፅ ካንተ ቅጂ ጋር አስተያየው። እዚህ ከላክኸው ደግሞ በቮይስ ሳይሆን በፋይል ይሁን፤ ቮይስ ድምፁን ይጨፈልቀዋል። አደራ፣ እንግዶቹ እንዲያዩት ብለህ ቅጂውን በስፒከር እንዳታጫውትበት። ሌላ ወፍ ቦታዬን ሊቀማኝ መጣ ብሎ ይረበሻል።

ሳሚ ሞባይል፦
ሪስታርት አድርገህ፣ አጥፍተህ ጫነው።

ባለ ላዳ፦
ባልና ሚስት ከሆኑማ አቡጀዲውን የምትቀደው ማን እንደሆነች እናውቃለን።

ኤልሳ፦
አንተ ሰውዬ!

ጀማሪ አስጎብኚ፦
ኤልሳ፣ ሎኬሽኑ እውነትም ተዘግቶ ነበር። ከፍቼዋለሁ። ግን መሽቷል፤ ስሞክረው ወፍ የለም፣ በሁለቱም ትርጉም። ውሻ ብቻ ነው የሚጮኸው። ነገ እነግራችኋለሁ።

ሚሚ ዘፒያሳ (ከአራት ቀን በኋላ)፦
እህስ? አንድ ነው ሁለት?