የሚናገረው የሪሞት ሳጥን፦ ለማኅበራችን ቦርድ በሚቀርበው ዕቅድ ላይ የጎንደር አባላት ውይይት

ጸሐፊ፦ ቦርዱ ማክሰኞ ይሰበሰባል፤ ዕቅዱ ሰኞ ማታ ይዘጋል። ነገሩን ታውቁታላችሁ። 20 ቤት፣ 20 ሳጥን፤ ዓይነ ስውር አባል የዲሹን ሪሞት ሲጫን ሳጥኑ የጣቢያውን ስም ይናገራል። ለጥምቀት ቀጥታ ስርጭት መድረስ አለበት። ብሩ ካለፈው ዓመት የተረፈው ነው፣ ሌላ የለም።

ጠጋኝ፣ አራዳ፦ ለአንድ ሳጥን፦ ኢኤስፒ32 ቦርድ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ኮምፒውተር)፣ 38 ኪሎኸርዝ የሪሞት ተቀባይ (ባለ ሦስት እግሯ)፣ ዲኤፍፕሌየር ሚኒ (ከካርድ ድምፅ የሚያጫውት)፣ ሚሞሪ ካርድ፣ ባለ 8 ኦም ስፒከር። ድምፁ በሰው ይቀዳ። ፋይሎቹ ኤምፒ3 በሚለው ፎልደር ውስጥ 0001፣ 0002 እየተባሉ ይሰየሙ። ዝም ብሎ ከተገለበጠ በተገለበጠበት ተራ ሊያጫውት ይችላል፤ ሦስትን ሲጫኑ ሰባትን ይላል።

ዲሽ ሠሪ፣ አዘዞ፦ ሳጥኑ ሪሲቨሩን አያይም፣ የሚያነበው ሪሞቱን ብቻ ነው። የላይና የታች ቀስት እየቆጠረ ከሄደ አንድ ጭነት ባመለጠው ቁጥር ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ውሸት ነው። በቁጥር ብቻ ይሥራ። ደግሞ ዲሹ በነፋስ ዞሮ ሠሪ ሲመጣ 57 ዲግሪን (ዲሹ የሚያይበትን የሳተላይት አቅጣጫ) እንደ አዲስ ስካን ካደረገ የጣቢያው ቁጥር ይገለባበጣል። ዝርዝሩ ተደርድሮ ሜኑው በፓስዎርድ ይቆለፍ።

አባል፣ ማራኪ፦ 5 ቁጥር ላይ ጉብታ የሌለው ሪሞትም አለ። ጉብታ ለመሥራት ሱፐር ግሉ አትጠቀሙ፣ ወደ ጎን ፈስሶ ቁልፉን ያጣብቃል። የጥፍር ቀለም ሁለት ሦስቴ ተደራርቦ ይበቃል። ቀረጻውን እኔ እወስዳለሁ፣ ካርዱን ስጡኝ።

መምህር፣ ቀሃ፦ የቀረጻው ናሙና «ቁጥር ተጫን» ይላል። ሴት አባል የለንም?

ገንዘብ ያዥ፦ «ይጫኑ» ይባልና ይለቅ።

መምህር፣ ቀሃ፦ «ይጫኑ» የባንክ ስልክ ነው። ሰው በገዛ ሳሎኑ ተቀምጦ እንደ ባለጉዳይ ይታዘዛል?

አባል፣ ፒያሳ፦ «ተጫኚ»ም ይቀዳ።

ጠጋኝ፣ አራዳ፦ ሁለት ፎልደር ይቻላል። ግን መምረጫ ቁልፍ ያስፈልገዋል፣ በአንድ ቤት ባልና ሚስት ካሉ ደግሞ ማን ይመርጣል?

ገንዘብ ያዥ፦ ሦስት ቀን በአንድ ግስ። ዕቃው ገና አልታዘዘም።

መምህር፣ ቀሃ፦ ግስ አይደለም፣ ክብር ነው። የሰማንያ ዓመት እናት ሳጥን «ተጫን» ሊላቸው?

ጠጋኝ፣ አራዳ፦ እንግዲያው ግስ የሚያውቅ ሰው ይበይደው። እኔ ወጥቻለሁ።

ዲሽ ሠሪ፣ አዘዞ፦ ትእዛዙን ጭራሽ አውጡት። 1 ሲጫኑ «አንድ»፣ 4 ሲጫኑ «አራት» ይበል፤ ሁለት ሰከንድ ቆይቶ የጣቢያውን ስም። በዝርዝሩ ከሌለ «የለም»። ጣት የሳተውን ጆሮ ወዲያው ይይዘዋል።

መምህር፣ ቀሃ፦ ይሄ ይሻላል። ጠጋኝ፣ ቃሌ በዝቶ ከሆነ ይቅርታ። ድምፁ ግን የወንድ ነው የሴት?

መስማት የተሳናቸው አባላት ተወካይ፦ ስለ እኛ አንድ መስመር የለም። ቲቪው እስከ ጥግ ተከፍቶ ጎረቤት በር ሲደበድብ አናውቅም። እዚያው ሳጥን ላይ ቀይ መብራት ይግባ፤ ድምፁ ልክ ሲያልፍ ይብራ።

ጠጋኝ፣ አራዳ፦ ይቻላል። አንድ የማይክሮፎን ሞጁል ይጨመራል፤ ሳጥኑ ራሱ በሚናገርበት ጊዜ ማይክሮፎኑ እንዳያነብ በፕሮግራሙ ይታገዳል። ኃይሉ ከሪሲቨሩ ዩኤስቢ አይሁን። ስፒከሩ ጮኽ ሲል ቮልቴጁ ይወርድና ቦርዱ ጠፍቶ ይነሳል። 5 ቮልት 2 አምፔር ቻርጀር፣ አጠገቡ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ቮልቴጁ እንዳይወርድ ኃይል የሚያጠራቅም)።

ገንዘብ ያዥ፦ ቻርጀርና ማይክሮፎን ከገባ ብሩ 12 ሳጥን ነው የሚያወጣው። ለቀረጻ ስቱዲዮ ከተከራየን 9።

አባል፣ ፒያሳ፦ ስቱዲዮ ለምን? የማራኪው አባል በስልክ እቀዳለሁ ብሎ ካርዱን ወስዶ የለም?

ገንዘብ ያዥ፦ አምስት ቀን ሆነው። ስልክ አያነሳም።

አባል፣ ፒያሳ፦ ታዲያ አንድ ትልቅ ቲቪ አዳራሹ ውስጥ ሰቅለን አንድ ሳጥን እንግጠምለት። የፋሲልንም ጨዋታ አብረን እንከታተላለን።

ዲሽ ሠሪ፣ አዘዞ፦ ከአዘዞ ደርሶ መልስ ባጃጁን ማን ይከፍላል? ሐሳቡ እኮ ቤት ውስጥ ብቻውን ሪሞት ይዞ ለሚቀመጥ ሰው ነበር።

ጸሐፊ፦ ለማክሰኞ የጻፍኩት፦ አዳራሽ 1 ቲቪና 1 ሳጥን፣ ቤት 6፣ ሁሉም ቀይ መብራት ያለው። ስቱዲዮ በግማሽ ቀን። የቤቶቹ ምርጫ ከጥምቀት በኋላ።

ዲሽ ሠሪ፣ አዘዞ፦ ከጥምቀት በኋላ?

መምህር፣ ቀሃ፦ ስቱዲዮ ከተከራየ ሁለቱም ድምፅ ይቀዳ፣ የወንድም የሴትም።

ጠጋኝ፣ አራዳ፦ መጀመሪያ ካርዱ ይመለስ። የጣቢያው ዝርዝር ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው።