የታክሲና የአውቶቡስ መንገድ የሚያሳይ አፕ መሥራት ፈልጌ ነበር፣ ከየት ልጀምር?

የሰሚቷ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ነገሩ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የተማርኩት ሶፍትዌር ነው፣ ሥራ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ማታ ማታ ግን የማነበው ስለ ከተማ ትራንስፖርት ነው። ፖርትላንድ የምትባለው የአሜሪካ ከተማ የአውቶቡስ ድርጅት፣ ትራይሜት፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ከጉግል ጋር ሆኖ መስመሮቹንና ሰዓቶቹን በተራ የጽሑፍ ፋይል ማስቀመጥ እንደጀመረ፣ ያ አሠራር ዛሬ ጂቲኤፍኤስ ተብሎ ዓለም ሁሉ እንደሚሠራበት አውቃለሁ። የናይሮቢዎቹንም አንብቤያለሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስልክ ይዘው ማታቱ በሚሏቸው ታክሲዎቻቸው ላይ እየተሳፈሩ ከ130 በላይ መስመር መዘገቡ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ካርታውን ለሁሉም በነፃ ለቀቁት። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ፣ አንድ መስመር ኮድ ግን አልጻፍኩም።

ባለፈው ማክሰኞ መገናኛ ላይ አንዲት እናት ያዙኝ። ከክፍለ ሀገር ነው የመጡት፣ የሐኪም ወረቀት በፌስታል ይዘዋል። «ልጄ፣ ጥቁር አንበሳ በየት ነው የሚኬደው?» አሉኝ። እኔ በስታዲየም ይሻላል አልኩ። አጠገቤ የነበረው ልጅ አራት ኪሎ ውረዱ አለ። ሌላዋ ሜክሲኮ ድረስ ሂዱ አለች። ወያላው ደግሞ «ለገሃር ነው፣ ይግቡ ይግቡ» ብሎ ጎተታቸው። አራታችንም ልክ ልንሆን እንችላለን፣ ግን የትኛው እንደሚፈጥንና ስንት እንደሚያስወጣቸው ማናችንም አናውቅም። እኔ እኮ በየቀኑ ከሰሚት ሜክሲኮ ነው የምመላለሰው።

የዚያኑ ቀን ማታ ላፕቶፔን ከፍቼ ሠንጠረዥ ሠራሁ። «የመነሻ ሰዓት» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ታክሲያችን የመነሻ ሰዓት የለውም። የኛን ሰዓት አቆጣጠርስ ምን ላድርገው? መረጃውን ከትራንስፖርት ቢሮ ልጠይቅ፣ ወይስ ራሴ ልሰብስብ? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ሐዲዱ፦

እህቴ፣ ያቆመሽ ነገር ብዙ ሰው ያቆመ ነው። እኔንም ለሁለት ወር አቁሞኛል።

ጂቲኤፍኤስ ውስጥ ፍሪኩዌንሲስ የሚባል ፋይል አለ። እዚያ የምትጽፊው መኪናው በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ሳይሆን በየስንት ደቂቃው እንደሚመጣ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት በየ4 ደቂቃው፣ ከዚያ እስከ ከሰዓት በኋላ በየ10 ደቂቃው፣ እንደዚያ። ከአንዱ ፌርማታ ወደሚቀጥለው ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ለብቻው ትመዘግቢያለሽ። ተሳፋሪ መንገድ ላይ በፈለገበት «ወራጅ አለ» ብሎ የሚወርድበትንም ማስገባት ይቻላል፣ ፌርማታ ካልሆነ አይሆንም አይልም። ስለዚህ ይሄ ነገር ለኛ አይሆንም የሚልሽን አትስሚ።

ሰዓቱ ቀላል ነው። ፋይሉ ውስጥ በ24 ሰዓት አቆጣጠር አስቀምጪው፣ ስክሪን ላይ ስታወጪው ከሰዓቱ ስድስት ቀንሺለት፣ 13 ወይም ከዚያ በላይ ሲመጣ 12 ቀንሺ፣ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ሲመጣ 12 ጨምሪ። ቀኑንም በፈረንጅ አስቀምጠሽ ስታሳዪ ቀይሪው፣ ጳጉሜን ግን ፈትሺያት። አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ። ማክሰኞ ማታ ጀምሮ ሌሊት 7፡30 ላይ የሚያልቅ ጉዞ ካለ እዚያ ፋይል ውስጥ የሚጻፈው 25፡30 ተብሎ ነው፣ ረቡዕ አይባልም። ፈረንጆቹ ለመልመድ ይቸገሩበታል፣ ለኛ ግን ቀን የሚቀየረው ሲነጋ ስለሆነ ገና ሳነበው ነው የገባኝ።

ከሰዓቱ ይልቅ የሚያደክምሽ የቦታ ስም ነው። «ጦር ኃይሎች» ብለሽ ካስቀመጥሽ «ጦር ሀይሎች» ብሎ የፈለገ ሰው ምንም አያገኝም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ (ሃ፣ ሓ፣ ኃም ጭምር) አንድ እንዲሆኑ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንደዚሁ፣ ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት ወደ አንድ ፊደል መልሻቸው። የሚታየው ጽሑፍ ግን እንዳለ ይቅር፣ ሰው ስሙ ተበላሽቶ ሲያይ ቅር ይለዋል። መገናኛን በላቲን ሰው እንዴት እንዴት አድርጎ እንደሚጽፈው ስታዪ ደግሞ ትደነግጫለሽ። ስለዚህ ለአንድ ቦታ አንድ መለያ ቁጥር ስጪው፣ ስሞቹን በሌላ ሠንጠረዥ የፈለጉትን ያህል አብዢ።

ባቡሩን ለመለማመጃ ተጠቀሚበት። ሁለት መስመር ብቻ ነው፣ ጣቢያዎቹም አይንቀሳቀሱም። ከስታዲየም እስከ ልደታ ሁለቱም አንድ ሐዲድ ስለሚጋሩ መስመር መቀያየርን እዚያ ላይ ትማሪያለሽ። ታክሲውን ከዚያ በኋላ።

የመገናኛው፦

ልጄ፣ ኮድ አላውቅም። መገናኛ ላይ ግን ብዙ ዓመት ተራ አስከብሬያለሁ፣ ስለዚህ እኔም የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ፣ መገናኛ አንድ ቦታ አይደለም። የቦሌው ሌላ ነው፣ የአራት ኪሎው ሌላ፣ የሲኤምሲው ሌላ። ከአንዱ ወደ ሌላው መንገድ ተሻግሮ ሰው ተጋፍቶ ለመድረስ አንዳንዴ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ካርታሽ ላይ አንድ ነጥብ ካደረግሽው ሰውየው ሰልፉን ሲፈልግ ነው የሚውለው። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ደግሞ መጫኛና ማውረጃው ብዙ ቦታ ተቀያይሯል። የጻፍሽበትን ቀን ሁሌ ጻፊ።

ሁለተኛ፣ ታፔላውን አትመኚ። ታፔላው ከመገናኛ ሜክሲኮ ይላል። ጠዋት ሰው ሲበዛ ግን ሹፌሩ ሃያ ሁለት ላይ «መጨረሻ ነው» ብሎ ያወርድና እዚያው እንደገና ይጭናል፣ ከዚያ ስታዲየም ላይ እንደገና። መቆራረጥ የምንለው ይሄ ነው። ተሳፋሪው ሁለቴ ሦስቴ ይከፍላል፣ ሁለቴ ሦስቴም ይሰለፋል። በወረቀት አንድ መስመር ነው፣ በኪስ ሲታይ ሦስት። አንቺ በኪስ የሚታየውን መዝግቢ። ስትመዘግቢም በስንት ሰዓት እንደተቆረጠ ያዢ፣ ቀን 5 ሰዓት ላይ ያው መኪና ሳይቆርጥ ቀጥ ብሎ ይሄዳልና።

ሦስተኛው ሰው የማያስበው ነገር ነው። ሰው ሲበዛ ጥበቃው ሰልፍ ላይ ነው። ሰው ሲያንስ ግን ጥበቃው መኪናው ውስጥ ነው፣ እስኪሞላ አይነሳማ። «የቀረው አንድ ሰው» እያለ ሃያ ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የተቀመጥሽበትንና መኪናው የተነሳበትን ለየብቻ ጻፊ።

ስሙንም ከሕዝቡ አፍ ውሰጂ። ሃያ ሁለት የተባለው የ22 ቁጥር አንበሳ አውቶቡስ ማዞሪያው እዚያ ስለነበር ነው ይባላል። ዛሬ ያንን አውቶቡስ የሚጠብቅ የለም፣ ስሙ ግን አለ፣ ሰውም የሚወርደው በዚያ ስም ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ከወንድሜም ከጋሼም የቀረውን ልጨምር። የምኖረው ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ነው፣ እንጀራዬም ሶፍትዌር ነው። እዚህ ሜትሮው 98 ጣቢያ አለው፣ የባቡሩም የአውቶቡሱም መረጃ በጂቲኤፍኤስ ይለቀቃል፣ መኪናው አሁን የት እንዳለ ጭምር። ስለዚህ መረጃ መሰብሰብ አላስፈለገኝም፣ ግን ሌላ ነገር ተማርኩ።

ለራሴና ለጓደኞቼ የምትሆን ትንሽ ፕሮግራም ነበረችኝ፣ ቤታችን አጠገብ የሚያልፉትን አውቶቡሶች ብቻ የምታሳይ። ጁን 29 ቀን 2025 የከተማው አውቶቡስ መረብ በአንድ ቀን ተቀየረ፣ የመስመር ስሞቹም እንዳለ ተለወጡ። እኔ የድሮዎቹን ስሞች ኮዱ ውስጥ ነበር የጻፍኳቸው። በማግስቱ ጠዋት አንድ ወዳጄ ማታ ፈረቃ ሠርቶ ሲወጣ ስልኩን ከፍቶ ምንም አላገኘም፣ ፌርማታው ላይ ቆሞ ደወለልኝ። ወሬውን ከወራት በፊት አንብቤው ነበር፣ ከራሴ ኮድ ጋር ግን አላገናኘሁትም። ስለዚህ ስም ኮድ ውስጥ አይግባ። እያንዳንዱ መስመር «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን» የሚል ይኑረው። አዲስ አበባ ላይ ለውጡ ከዚህም ስለሚፈጥን ይሄ ላንቺ የበለጠ ያስፈልግሻል።

ሌላው፣ ትራንስሌሽንስ የሚባል ፋይል አለ፣ የፌርማታ ስም በብዙ ቋንቋ የሚቀመጥበት። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ከመጀመሪያው አስገቢ፣ በኋላ መጨመር ይከብዳል።

ኢንተርኔት ሳይኖርም ይሥራ። መስመሮቹ ሁሉ በጽሑፍ ሲቀመጡ መጠናቸው በስልክ ከተነሳ ፎቶ ብዙም አይበልጥም፣ አንዴ ወርዶ ስልኩ ውስጥ ይቀመጥ። እነዚያ መገናኛ ላይ ያገኘሻቸው እናት ዳታ አይገዙም።

ጥበቃ፦

ይቅርታ፣ እኔ ትንሽ ልቃወም። ችግሩ መኪና ማነሱ ነው እንጂ አፕ ማነሱ አይደለም። ሰልፍ ላይ ለአንድ ሰዓት ለቆመ ሰው መንገድ ብታሳዪው ምን ይጠቅመዋል?

ግን ሥሪው፣ ምክንያቱም የመጠበቂያውን ጊዜ ስትመዘግቢ ማንም ያልያዘው ማስረጃ ይኖርሻል። አንድ ሒሳብ ልስጥሽ። አውቶቡስ በየ20 ደቂቃው ሳይዛነፍ ቢመጣ ሰው በአማካይ 10 ደቂቃ ይጠብቃል። እነዚያው አውቶቡሶች አንዴ በ5 ደቂቃ፣ አንዴ በ35 ደቂቃ ቢመጡ የአውቶቡሱ ቁጥር አልቀነሰም፣ የሰው አማካይ ጥበቃ ግን ከ15 ደቂቃ ያልፋል። አብዛኛው ሰው ፌርማታ የሚደርሰው በረጅሙ ክፍተት ውስጥ ነውና። ሁለት አውቶቡስ ተከታትሎ የሚመጣውም በዚሁ ነው። የዘገየው የተጠራቀመ ሰው ይጭናል፣ ሲጭን ይበልጥ ይዘገያል፣ ከኋላው ያለው ባዶውን እየመጣ ይደርስበታል። ይሄ መኪና ሳይገዛ፣ ከመነሻው አራርቆ በመልቀቅ ብቻ የሚሻሻል ነገር አለው። ለቢሮ ሰው ይዘሽ ልትሄጂ የምትችዪው ይሄንን ነው። አማካይ ብቻ አታውጪ ግን፣ በጣም የከፋውንም ቀን አውጪ፣ ሰው ከሥራ የሚቀረው በዚያ ቀን ነው።

የሰሚቷ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የእርስዎን ጽሑፍ ሁለቴ ነው ያነበብኩት።

ኮዱን ተውኩትና ቅዳሜ ወጣሁ። የጂፒኤስ መመዝገቢያ ስልኬ ላይ ከፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፣ መስኮት ዳር ስልክ ይዞ መቀመጥ ያስፈራል። የመጀመሪያው ጉዞ ግማሹ ጠፋብኝ። ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ፕሮግራሙን ዘግቶታል። ለሚሞክር ሰው፣ ባትሪ ቁጠባውን ለዚያ ፕሮግራም ብቻ አጥፉት።

ሁለተኛው ተሳካ። መገናኛ 2፡10 ላይ ተቀመጥኩ፣ 2፡31 ተነሳን። ሜክሲኮ 3፡02 ደረስን፣ ሳይቆረጥ። ከመንገዱ ርዝመት ይልቅ ያ 21 ደቂቃ ነው የገረመኝ፣ ለሁለት ዓመት በየቀኑ እየተቀመጥኩ አንድም ቀን ቆጥሬው አላውቅም። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ወራጅ የተባለበትን ስምንት ቦታ ጻፍኩ። ከስምንቱ ሦስቱ ካርታ ላይ ጭራሽ የሉም። አንዱን ቦታ ወያላው በአንድ ስም ጠራው፣ አጠገቤ የተቀመጡት አባት በሌላ ስም አስወረዱ። ሁለቱንም ጽፌያለሁ።

ጥበቃ፣ የምትለው ገብቶኛል። «የመነሻ ሰዓት» የሚለውን አጥፍቼ በቦታው ሦስት አደረግኩ፦ ሰልፍ የገባሁበት፣ የተቀመጥኩበት፣ መኪናው የተነሳበት።

ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ያንኑ መስመር እደግመዋለሁ፣ መቆራረጡን ለማየት። ከጀሞ፣ ከሳሪስ ወይም ከአያት የሚነሳ ሰው ካለ እነዚያን ሦስት ሰዓቶችና የወረደበትን ቦታ ብቻ እዚህ ይጻፍልኝ፣ ስሙንም እሱ እንደሚጠራው።