የጋሪ ፈረስ ቀለብ፦ በጭድና በፉርሽካ ላይ ምን ልጨምር?

ዳማ (ቢሾፍቱ)
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሁለት የጋሪ ፈረሶች ነው የምጠይቀው። በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ይሠራሉ፣ እሑድ ያርፋሉ። የደረት ዙሪያቸው 140 ሳንቲ ሜትር፣ ከትከሻ ጫፍ እስከ ኋላ መቀመጫ አጥንት ደግሞ 150 ሳንቲ ሜትር ነው። ለእያንዳንዳቸው በቀን 4 ኪሎ የጤፍ ጭድና 2 ኪሎ ፉርሽካ ይሰጣቸዋል፣ ጨው አልፎ አልፎ። ጎድናቸው ይቆጠራል፣ ፀጉራቸውም ሻክሯል። ለከብት ማድለቢያ የሚሸጠውን ድብልቅ ወይም የዩሪያ ሞላሰስ ብሎክ ብጨምርላቸውስ? ብዙ ሳያስወጣ የሚያቀና ነገር ካለ ጠቁሙኝ።

መኖ ቀማሚ
ወንድሜ፣ የከብት ድብልቁንም ብሎኩንም ተዋቸው። ዩሪያን ወደ ፕሮቲን የሚለውጠው የከብት ጨጓራ ነው፤ ፈረስ ያ ጨጓራ የለውም፣ ከበዛበትም ይመርዘዋል። ድብልቁ የባሰ ነው። ሞነንሲን የሚባል ማድለቢያ ካለበት ከብቱን ሲጠቅም የፈረስን ልብ ጡንቻ ይጎዳል፤ በጣም ጥቂቱ ይገድላል፣ ማርከሻም የለውም። በዶሮ መኖም ውስጥ የዚሁ ዘር መድኃኒት ሊኖር ይችላል። እንዲያውም ለፈረስ የሚሆን ስታስቀምም ማሽኑ ቀድሞ ምን እንደፈጨ ጠይቅ።

አሁን ወደ ቀለቡ። ደረቱን በራሱ አባዛው፣ በርዝመቱ አባዛው፣ ለ11,880 አካፍለው፤ ወደ 247 ኪሎ ይመጣል። በ250 ኪሎ እናስላው።

የያዝከው ቀለብ ትልቁ ጉድለት የካልሲየም ነው። ፉርሽካ በኪሎ 11 ግራም ያህል ፎስፎረስ አለው፣ ካልሲየሙ ግን ከ1 ግራም ብዙም አያልፍም። ከጭዱ ጋር ሲደመር ፈረስህ በቀን በግምት 17 ግራም ካልሲየምና 26 ግራም ፎስፎረስ ያገኛል። ካልሲየሙ መብለጥ ሲገባው ተገልብጧል። እንዲህ ሲከርም ሰውነቱ ካልሲየሙን ከገዛ አጥንቱ ይስባል፤ የፊቱ አጥንት በሁለቱም ጎን ያብጣል፣ ዛሬ በአንዱ እግር ነገ በሌላው ያነክሳል። ብዙ ሰው ምች ወይም ውልቃት ይለዋል እንጂ ፉርሽካውን አይጠረጥርም።

ለስድስት ሰዓት ሥራ ጉልበት የሚሰጠውም አይበቃም። ለአንድ ፈረስ በቀን እንዲህ አድርገው፦ ጭድ 4 ኪሎ (ግማሹ ድርቆሽ ቢሆን ይሻላል)፣ የተሸረከተ ገብስ 1.5 ኪሎ፣ ፉርሽካ 1 ኪሎ፣ የኑግ ፋጉሎ 300 ግራም፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት 40 ግራም፣ ጨው 40 ግራም። ገብሱንና ፉርሽካውን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ብለህ ለሦስት ክፈለው። ገብስ በአንዴ ከበዛ ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና እዚያ ይቦካል፤ ቁርጠት ወይም የሰኮና ሕመም ያመጣል። ፉርሽካውን በውኃ ረጠብ ካላደረግከው የኖራ ዱቄቱና ጨው ገንዳው ሥር ይቀራል።

ኖራ ስል መኖ ማቀነባበሪያዎች ለዶሮ የሚቀላቅሉትን፣ ያልተቃጠለውን የድንጋይ ዱቄት ነው። የግድግዳ ኖራ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ እንዳታሳስተው።

በጣሳ አትስፈር። አንድ ጣሳ ፉርሽካ የአንድ ጣሳ ገብስን ግማሽ እንኳ አይመዝንም። አንድ ቀን በሚዛን ለካና ጣሳው ላይ ምልክት አድርግበት። ለውጡንም ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ አስገባው።

ቦራ
የተባለው ልክ ነው፤ ግን ውኃ ዳር ቦታ ካለህ አልፋልፋ ዝራ። 4 ኪሎ እርጥብ አልፋልፋ ሲደርቅ 1 ኪሎ ያህል ይሆናል፣ በውስጡም ወደ 14 ግራም ካልሲየም አለ። በ1 ኪሎ ጭድ ፈንታ እሱን ከሰጠኸው ፋጉሎውን መተው ትችላለህ፣ የኖራ ዱቄቱም ወደ 15 ግራም ይወርዳል። ደረቅ ጭድ የሌለውን የቫይታሚን ኤ ምንጭም ያመጣልሃል። ጠዋት አጭደህ ጠውለግ ሲል ስጥ።

የሚገዛውን ስትመርጥ ዋጋውን ከፕሮቲኑ ጋር አስተያየው። ፋጉሎ 30 ከመቶ ያህል፣ ፉርሽካ 15 ከመቶ ያህል ነው፤ ለፕሮቲን ከሆነ የፋጉሎው ኪሎ ከፉርሽካው እጥፍ እስካልበለጠ ድረስ ፋጉሎ ያዋጣል። የሻገተ ጆንያ ግን በነፃ ቢሰጡህም አትውሰድ።

የእንስሳት ሐኪም
ቀለቡን ከመጨመርዎ በፊት ጥርሳቸውን ያስዩ። የታኘከ ጭድ እየተጠቀለለ ከአፋቸው ከወደቀ ወይም ፋንድያው ውስጥ ረጅም ጭድና ያልተፈጨ እህል ካለ መንጋጋቸው ስለት አውጥቷል፤ ይሞረድ። እዚያው ቢሾፍቱ ባለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ መጠየቅ ይችላሉ። ቀጥሎ የትል መድኃኒት፦ በአፍ የሚሰጥ አይቨርሜክቲን በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም፣ ለ250 ኪሎ 50 ሚሊ ግራም። ለከብት የተዘጋጀውን መርፌ ፈረስ አያስወጉ፤ የተወጋው ጡንቻ ሊያመረቅዝ ይችላል።

እሑድ ሲያርፉ ገብሱን በግማሽ ይቀንሱና ጭድ ይጨምሩ። ሙሉ ቀለብ በልቶ የዋለ ፈረስ ሰኞ ጋሪ ሲጎትት ዳሌው ይደርቃል፣ ያልበዋል፣ ሽንቱ እንደ ቡና ይጠቁራል። ያኔ አንድ እርምጃ እንኳ አያስኪዱት፤ ባለበት አቁመው ውኃ ይስጡትና ሐኪም ይጥሩ።

ዳማ (ቢሾፍቱ)
እግዜር ይስጥልኝ። ጭዱን መሬት ላይ ነው የምበትነው፤ ችግር አለው? ውኃስ ስንት ጊዜ?

መኖ ቀማሚ
አለው። አሸዋና ፌስታል አብሮ ይለቅማል፣ አንጀቱ ይደፈናል። ግማሽ በርሜል ወይም ከጎማ የተሠራ ገንዳ ይበቃል። ውኃ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ፣ ሁልጊዜም ከእህሉ በፊት፤ በሙቀት ቀን አንዱ ፈረስ 30 ሊትርና ከዚያ በላይ ሊጠጣ ይችላል። ጭዱን ደግሞ ከገብሱ ሩብ ሰዓት አስቀድምለት፣ እህሉን እየጎረሰ እንዳይውጠው።