ኒውክለሱ ትንሽ ሲጠነክር ሴሉ ለምን ተሰንቅሮ ይቀራል?

ጥያቄ፦
ሰላም ሰዎች። የማስተርስ መመረቂያዬ ላይ ነኝ። ሴል በጠባብ ቀዳዳ ሲሾልክ የኒውክለሱ (ዲኤንኤው ያለበት የሴሉ እምብርት) ጥንካሬ ምን ያህል እንደሚያዘገየው በሒሳብ ማሳየት ነው ሥራዬ። ኒውክለሱን ዲያሜትሩ 10 ማይክሮሜትር የሆነ ኳስ፣ የቀዳዳውን ዲያሜትር 3 ማይክሮሜትር አደረግኩ። ኒውክለሱ ሞላ ነው አልኩ፤ ሴሉ ይገፋል፣ ሞላው ይመልሳል። ግን ውጤቱ ወይ ያልፋል ወይ አያልፍም ብቻ ሆነብኝ። አማካሪዬ የሚፈልጉት ደግሞ በስንት ደቂቃ እንደሚያልፍ ነው። ሁለት ሳምንት ኮድ ስነካካ ከረምኩ፣ ኧረ እርዱኝ።

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ኮዱ ምንም አልሆነም። የጎደለህ አሞርዛተር ነው። ኒውክለስ እንደ ሞላ ይመልሳል፣ ግን ዝልግልግም ስለሆነ ቅርጹን ለመቀየር ጊዜ ይፈጅበታል። እንደ መኪና እግር ሞላውንና አሞርዛተሩን ጎን ለጎን ግጠማቸው፤ ኬልቪን-ቮይት የሚሉት ይኸው ነው። ከዚያ የማለፊያው ጊዜ = ቀ × ናቹራል ሎግ (ር ÷ (ር − 1)) ይሆናል። ቀ ዝልግልግነቱ ለጥንካሬው ሲካፈል ነው። ር ደግሞ የሴሉ ግፊት፣ ለማለፍ የግድ ከሚያስፈልገው ግፊት ስንት እጥፍ እንደሆነ ነው። ር 2 ከሆነ 0.69 ቀ ይፈጃል። 1.1 ከሆነ 2.4 ቀ፣ 1.01 ከሆነ 4.6 ቀ። 1 ላይ ግን አለቀ፣ መቼም አያልፍም። ስለዚህ ር 1.1 የነበረ ሴል ኒውክለሱ 10 በመቶ ብቻ ቢጠነክር እዚያው ተሰንቅሮ ይቀራል።

መልስ 2፦
ትክክል ነው፣ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ከ10 ወደ 3 ማለት 70 በመቶ መጨመቅ ነው፤ እዚያ ድረስ ቀጥተኛ ሞላ አይሠራም። ትንሽ ስትጫነው በዋናነት የሚመክተው ክሮማቲኑ (ዲኤንኤው ከፕሮቲኖቹ ጋር) ነው፣ በደንብ ስትጫነው ላሚን ኤ፣ የኒውክለሱን ሽፋን ከውስጥ የሚደግፈው ፕሮቲን፣ ይመጣል። ስለዚህ ኋላ ላይ የሚነቃ ሁለተኛ ሞላ ጨምር። ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ በኮላጅን (የሰውነት ሕብረ ሕዋስ ክር የሆነው ፕሮቲን) መረብ የተሠራ ሙከራ አለ፦ ኮላጅኑን መቁረጥ የተከለከሉ የካንሰር ሴሎች ቀዳዳው ወደ 7 ካሬ ማይክሮሜትር ሲጠብ ይቆማሉ፣ ይህም ኒውክለሳቸው መሃል ላይ ቢቆረጥ ከሚኖረው የገጽ ስፋት አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ያንተ ባለ 3 ማይክሮሜትር ቀዳዳ የገጽ ስፋቱ ስንት ነው? 7 ካሬ ማይክሮሜትር! ሳታውቀው ገደቡ ላይ ቆመሃል። ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ግን እስከ 2 ካሬ ማይክሮሜትር ይወርዳል፤ ላሚን ኤው ትንሽ ነው፣ ኒውክለሱም የተቆራረጠ።

ጠያቂው፦
እና ላሚን ኤ ባነሰ ቁጥር ሴሉ ይፈጥናል ማለት ነው?

መልስ 2፦
ኧረ ቀስ! መጠነኛ ቅነሳ ያሾልከዋል፣ ከመጠን ሲያልፍ ግን ሴሉ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለት ቡድኖች እንዳሳዩት ኒውክለሱ ሲጨመቅ ሽፋኑ ይቀደዳል፣ ዲኤንኤውም ይጎዳል። ኢስክርት የሚባሉት ፕሮቲኖች የተቀደደውን ሽፋን ይደፍኑታል። ስለዚህ ሞዴልህ ላይ የመቀደጃ ገደብ አስገባ፣ አለዚያ ለስላሳ ኒውክለስ ሁሌም አሸናፊ ይሆንብሃል።

መልስ 1፦
ግፊቱንም ቋሚ ቁጥር አታድርገው። እ.ኤ.አ. በ2020 እንደታየው ኒውክለሱ ራሱ መጨመቁን ያውቃል፤ ሽፋኑ ሲወጠር ሴሉ ማዮሲኑን (እንዲኮማተር የሚያደርገውን ፕሮቲን) አጠንክሮ ይገፋል። እኔ ግን መጀመሪያ በቋሚው ጀምር እላለሁ፣ ሁሉንም ባንዴ ካስገባህ የቱ ምን እንዳደረገ አታውቅም።

ጠያቂው፦
ተባረኩ። አሞርዛተሩን ገጠምኩት፣ በ1.1 ቁጭ ብሎ 2.4 ሰጠኝ። ጥንካሬውን 10 በመቶ ጨምሬ ካስነሳሁት በኋላ ግን ይኸው 40 ደቂቃ ሆነው፣ አሁንም እየሮጠ ነው።

መልስ 1፦
ዝጋው ባክህ። አያልፍም አልኩህ እኮ።