ከ54 ተማሪዎቼ 31ዱ «ሕክምና» ብለው ጻፉ፤ አንዱ ወረቀቱን ባዶ መለሰልኝ

ስም ጠሪዋ (ባሕር ዳር)

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ናቹራል ተማሪዎች ስም ጠሪ ነኝ። 54 ልጆች አሉኝ።

ሰኞ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ ግማሽ ግማሽ ወረቀት ሰጠኋቸው። «ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ ምን መማር ትፈልጋላችሁ? ለምን?» አልኳቸው። ማታ ቤት ቁጭ ብዬ ሳነብ 31ዱ «ሕክምና» ብለዋል። 12ቱ «ሶፍትዌር»። ስድስቱ «ኢንጂነሪንግ» ብለው የትኛው እንደሆነ አልጻፉም። «ለምን» ለሚለው የሰጡት መልስ ደግሞ አንዱ ከሌላው የገለበጠው ይመስላል። «ቤተሰቤን ለመርዳት»፣ «ሀገሬን ለማገልገል»። ውሸት ነው አልልም፤ ከልባቸው ነው። ግን በዚያ ምክንያት አናጺም፣ መምህርም፣ አሳ አስጋሪም መሆን ይቻላል።

በማግስቱ አንዷን ጎበዝ ተማሪዬን «ሐኪም ጠዋት ገብቶ እስኪወጣ ምን ምን ይሠራል?» ብዬ ጠየቅኳት። «በሽተኛ ያክማል» አለችኝ። «እሺ፣ ሌላስ?» ዝም። ክፍሉ በሙሉ ዝም። ምን ያድርጉ? የነገራቸው ሰው የለም። እኔም አልነገርኳቸውም።

ነገሩ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። እኔ ባዮሎጂን አልመረጥኩም፤ ደረሰኝ። ቅጹን የሞላልኝ አጎቴ ነው፤ እሱም የሞላው የጎረቤት ልጅ የሞላችውን አይቶ ነው። ዛሬ ሥራዬን እወደዋለሁ። ለመውደድ ግን ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል። አብረውኝ ከተመረቁት መካከል እስካሁን ያልወደዱት አሉ። ጠዋት ወደ ክፍል ሲገቡ ፊታቸው ላይ አየዋለሁ።

ወደ ባዶው ወረቀት ልምጣ። ልጁ የዘጌ ነው። ቤተሰቡ ቡና አላቸው፤ እሱ እዚህ ከተማ ተከራይቶ ይማራል። ዝምተኛ ነው። ከክፍል ስወጣ ተከትሎኝ መጣና «ቲቸር፣ አሳ የሚማሩበት ትምህርት አለ?» አለኝ። ይህ ልጅ ክረምት ሲገባ ነጭ አሳ በጉማራና በርብ ወንዝ አፍ ተሰብስቦ፣ እንቁላሉን ሊጥል ሽቅብ እንደሚወጣ ያውቃል። አያቱ በደንገል ታንኳ ሲያሰግሩ እያየ ነው ያደገው። ሌላ የትም የማይገኙ 15 የሚሆኑ የነጭ አሳ ዝርያዎች ጣና ውስጥ እንዳሉ እኔ ከመጽሐፍ ነው ያነበብኩት። እሱ በከንፈራቸውና በጭንቅላታቸው ቅርጽ ይለያቸዋል። «ታዲያ ለምን አልጻፍከውም?» አልኩት። «አሳ ሊማር ዩኒቨርሲቲ ሄደ ብለው ይስቁብኛል» አለኝ።

«አለ መሰለኝ፣ አጣርቼ እነግርሃለሁ» አልኩት። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እናንተ ልጆች ትምህርት እንዲመርጡ ስትረዱ በተግባር ምን አደረጋችሁ? ወይም እናንተን የረዳ ሰው ምን አደረገላችሁ? «ፍላጎታቸውን ይከተሉ» አትበሉኝ። የ17 ዓመት ልጅ ያላየውን ነገር እንዴት ብሎ ይፈልገዋል?

የፖሊ ልጅ

መምህርት፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ከፖሊ፣ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ በሲቪል ኢንጂነሪንግ ነው የወጣሁት። በቅድሚያ አንድ ነገር ይንገሩልኝ፤ ጭንቀታቸውን ያቀልላቸዋል። አሁን የሚሞሉት በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ነው እንጂ ዲፓርትመንት አይደለም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት ፍሬሽማን ነው። ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ማትስ፣ እንግሊዝኛ ምናምን ይወስዳሉ። ዲፓርትመንት የሚደርሳቸው ከዚያ በኋላ ነው፤ ውጤታቸው ታይቶ።

ብዙ ልጅ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ታናሽ ወንድሜ የ12ኛ ውጤቱ ያማረ ነበር። «ገባሁ» ብሎ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ተዘናጋ። የሚፈልገው ኮምፒውተር ሳይንስ ነበር፤ ግሬዱ አላደረሰውም። አሁን ያልጠየቀውን እየተማረ ነው። እንደዚያ እየተገፉ አራት አምስት ዓመት መማር ከባድ ነው። መጨረሻው ላይ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይዝም።

እኔ ሲቪልን የመረጥኩት ያኔ ባሕር ዳር ላይ በየአቅጣጫው ፎቅ ይወጣ ስለነበር ነው። እኔ የማየውን ሁሉም አይቶታል ለካ። አምስት ዓመት ቆይቼ ስወጣ እንደኔ ያለ ሲቪል ኢንጂነር መንገዱን ሞልቶታል። ሥራ ለማግኘት ሁለት ዓመት ተንከራትቻለሁ።

አንድ ዘዴ ልስጥዎት። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ደብተር ተውሰው ክፍል ይዘው ይግቡ። «ሶፍትዌር» ላሉት 12 ልጆች የዲስክሪት ማትስ፣ ሶፍትዌር የሚማር የሚወስደውን ሒሳብ፣ ደብተር ያሳዩአቸው። ገጹን እየገለበጡ ዓይናቸው የሚበራ አሉ፣ ደብተሩን ቶሎ የሚያቀብሉ አሉ። ሁለቱንም ልብ ብለው ይዩአቸው።

የደምቢያው መምህር

ይቅርታ አድርጊልኝና እህቴ፣ እኔ አልስማማም። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ነው። በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ሆነ። እኛ ጋ አንድ መጽሐፍ ለሦስት ነው። እኔ ቅዳሜና እሑድ ማጠናከሪያ ሳስተምር ነው የምውለው። መጀመሪያ ይለፉ፤ ምርጫው ከዚያ ይደርሳል። ልጆቹን በማይደርሱበት ነገር ማስጎምጀት ኃጢአት ነው።

ስም ጠሪዋ

ወንድሜ፣ ጌታ የድካምህን ይክፈልህ። ቁጥሩን እኔም አውቀዋለሁ፤ የኔም ልጆች ናቸው እኮ ቁጥሩ ውስጥ ያሉት። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጁን ሌሊት 10 ሰዓት ከእንቅልፉ የሚያስነሳው ምንድን ነው? የዘጌው ልጅ ኬሚስትሪ ላይ ሲተኛ ነበር። ባለፈው ሳምንት «ውሃ ውስጥ የሟሟ ኦክስጅን ሲያንስ አሳው ምን ይሆናል?» አልኩት። አሁን የኬሚስትሪ መምህሩን እረፍት እየነሳው ነው። ለማለፍም ምክንያት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ የማያልፉትስ? ሪሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) የሚገቡ አሉ፣ ቴክኒክና ሙያ የሚሄዱ አሉ፣ ወደ ቤተሰብ ሥራ የሚመለሱ አሉ። ሥራ ምን እንደሚመስል ማወቅ ለእነሱ የበለጠ ይጠቅማል። ከውጤት በኋላ እንንገራቸው ካልን እኮ አናገኛቸውም። በየቤታቸው ተበትነዋል።

ነርስ ነኝ

እህቴ፣ 31ዱንም ላኪልኝ!

ከተማው ውስጥ ሆስፒታል ስሠራ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። የዚያችን ልጅ ጥያቄ ልመልስላት። ሐኪም ጠዋት ራውንድ ይዞራል፤ በሽተኞቹን አልጋ በአልጋ ያያል። ከዚያ ይጽፋል። ቻርት ይጽፋል፣ ትእዛዝ ይጽፋል፣ ሪፈር ይጽፋል። ልጆች ይህን አያውቁም፤ ነጭ ጋዋኑንና ማዳመጫውን ነው የሚያዩት። ኢንተርን (ገና ልምምድ ላይ ያለ) ከሆነ ሌሊቱን ዱቲ (ተረኛ ሆኖ) አድሮ በማግስቱም ራውንድ ላይ ይቆማል። የሚቀበለውን ሁሉ አያድንም። ኮሪደር ላይ ለቆሙ ሰዎች «አልተረፉም» ብሎ የሚናገረውም እሱ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ያንን ቃል ተናግሮ መድኃኒት ክፍል ገብቶ ያለቀሰ ልጅ አይቻለሁ። በጣም ጥሩ ሐኪም ወጣው።

እኔም ሐኪም ነበር መሆን የፈለግኩት። ውጤቴ አልደረሰም፤ ነርሲንግ ሲደርሰኝ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። ማንም «ጤና ማለት ሐኪም ብቻ አይደለም» ብሎ አልነገረኝም ነበር። ላቦራቶሪ አለ፤ ከሰው ጋር ብዙ ማውራት ለማይወድ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቶ ሲውል ለማይሰለቸው ልጅ። ፋርማሲ አለ። ሚድዋይፍ፣ አዋላጅ፣ አለች፤ እኔ ዛሬ ብመርጥ እሱን ነበር የምመርጠው። ሌሊቱን ሙሉ አምጣ ንጋት ላይ የተገላገለች እናትን አይቶ የማይወደው የለም። አኔስቴዢያ፣ ማደንዘዣ የሚሰጥ ሙያ፣ አለ፤ ልጆች ስሙን እንኳ አይሰሙትም፣ ያለ እሱ ግን ቀዶ ሕክምና የለም።

አራት አራት አድርገሽ አምጪልኝ። ደብዳቤ ከትምህርት ቤትሽ ያዢና አስተዳደሩን እኔ አናግርልሻለሁ። በሽተኛ ያለበት ክፍል አይገቡም፤ የሰው ገመና ነው። ላቦራቶሪ፣ ፋርማሲና ካርድ ክፍል ግን ያያሉ። ከዚያ ሻይ ቤት ቁጭ አድርገን የፈለጉትን ይጠይቁን። ደም ሲያይ የሚዞርበት ካለ አያፍር። ይህን በ17 ዓመት ማወቅ በ22 ከማወቅ ስንት እጥፍ ይሻላል።

እናት ከሽምብጥ

ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ዘንድሮ ፔዳ፣ የዩኒቨርሲቲው ሌላ ግቢ፣ ፍሬሽማን ናት። ቅጽ ስትሞላ «ሕክምና በይ» ብያት ነበር። ልጄ መሳል ነው የምትወደው፤ የቤቱን ግድግዳ ሁሉ ሞልታዋለች። እኔ ሰው ምን ይላል ብዬ ነው። መምህርት፣ ወላጅ ስትጠሩን ስለ መዋጮና ስለ ዩኒፎርም ነው የምትነግሩን። ይህንንም አንድ ቀን ንገሩን። እኛም እኮ አናውቀውም። አርክቴክቸር የሚባል ስዕልና ሒሳብ ያለበት ትምህርት እንዳለ እኔ የሰማሁት ከልጄ ነው፣ እሷም የሰማችው ከገባች በኋላ ነው።

አሳ ላይ የምሠራ

የዘጌው ልጅ ጥያቄ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። አለ! ዘንዘልማ ግቢ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግብርና ኮሌጅ ውስጥ አሳና የውሃ ሀብት ይጠናል። እዚሁ ከተማ የአሳ ምርምር ማዕከልም አለ።

የአንድ ቀን ሥራዬን ልንገረው። ማታ መረብ እንጥላለን። ጠዋት 12 ሰዓት ጀልባ ላይ ነን፤ ያን ሰዓት ጣና ይበርዳል። መረቡን አውጥተን አሳውን በዝርያ እንለያለን፣ ርዝመቱን እንለካለን፣ እንመዝነዋለን። ከዚያ ሆዱን ከፍተን እንቁላሉ የት እንደደረሰ እናያለን። ሽታው ከእጅ በቀላሉ አይለቅም። ከሰዓት በኋላ ግን ኮምፒውተር ላይ ነኝ፤ ቁጥር፣ ሠንጠረዥ፣ ስታትስቲክስ። አሳ ወድዶ የገባና ሒሳብ የጠላ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተሰናክሏል። ሌላው ግማሽ ሥራ ከሰው ጋር ነው። ቀጭኑ የፕላስቲክ መረብ ጫጩቱን ሁሉ ሲጠርግ፣ አሳው ለመራባት ወንዝ አፍ ላይ በተሰበሰበበት ሰዓት መረብ ሲዘረጋ፣ ከአስጋሪው ጋር ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። አስጋሪው ልጆች አሉት፤ ንግግሩ ቀላል አይደለም። የአስጋሪ የልጅ ልጅ ቢሆን ከኔ በተሻለ ይሰሙታል ብዬ አስባለሁ። እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረምም አለ፤ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ከታየ ወዲህ ስንቱን ዳርቻ ሸፍኖታል።

ደስ አሰኝቼ ልልከው አልፈልግም። የሥራ ቦታው ጠባብ ነው። ምርምር፣ የመንግሥት ቢሮ፣ ጥቂት የኩሬ አሳ ርባታ። ግን ወደ ውሃው በአንድ በር ብቻ አይገባም። ባዮሎጂም ያስገባል፣ ፖሊ ያለው የውሃ ምህንድስናም፣ የምግብ ቴክኖሎጂም። ቅዳሜ ጠዋት ይዘውት ይምጡ። ሹራብ ይልበስ።

ስም ጠሪዋ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ቅዳሜ ሄድን። ገና ጎህ ሳይቀድ ልጁ በር ላይ ቆሞ ነው ያገኘሁት። ጀልባው ላይ አንድም ቃል አልተናገረም። ዳር ወጥተን አሳው ሲለይ ባለሙያው አንዱን አንስቶ «ይህን እናንተ ጋ ምን ትሉታላችሁ?» አለው። ልጁ ነገረው። ሰውየው ደብተሩን አወጣና ጻፈው። ልጁ ደብተሩን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመው! የትኛው የት እንደሚውል፣ አያቱ በምን እንደሚለዩት፣ ሁሉንም አወራ። ከሰዓት ኮምፒውተሩ ላይ ቁጥሩን ሲያይ ደግሞ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ የተማርነው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነው» አለኝ። ለምን እንደምንማረው አልገባውም ነበር።

የደብተሩንም ዘዴ ሞከርኩት። ከ12ቱ አራቱ ደብተሩን ቶሎ አቀበሉ። ሁለት ልጆች ግን ፎቶ አንስተው ወሰዱት፤ አንዷ «ሕክምና» ብላ የጻፈችው ናት።

ደምቢያ ያለኸው ወንድሜ፣ እሑድ ማጠናከሪያ እኔም ጀምሬያለሁ። ሁለቱም ይኬዳል።

እናቴ ከሽምብጥ፣ የወላጅ ስብሰባው ወር በገባ በሁለተኛው ቅዳሜ ነው። ልጅዎን ይዘው ቢመጡልንና ለወላጆቹ ራሷ ብትነግርልን ደስ ይለኛል።

ትናንት ወረቀቱን እንደገና ሰጠኋቸው፤ ሦስት ምርጫ በቅደም ተከተል። የዘጌው ልጅ አንደኛ «አሳና የውሃ ሀብት»፣ ሁለተኛ «የውሃ ምህንድስና» ብሎ ጻፈ። ሦስተኛው መስመር ላይ «ገና አላየሁትም» ይላል። ምን እንደሚያሳየው እያሰብኩ ነው።

ነርሷ እህቴ፣ ደብዳቤው ተፈርሟል። የመጀመሪያዎቹ አራት ልጆች ሐሙስ ዝግጁ ናቸው። ስንት ሰዓት እንምጣ?