ኤልኢዲ ካስገባሁ ወዲህ ማታ መንገዱ አይታየኝም፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ናችሁ? ስለ መኪና መብራት የምታውቁ እባካችሁ አንድ በሉኝ።

የምነዳው የ2003 ሞዴል ቪትዝ ነው። የፊት መብራቷ ኤች ፎር ነው፤ ረጅሙም አጭሩም የሚወጣው ከአንድ አምፖል ነው። ባለፈው ወር ሶማሌ ተራ ሄጄ ሃሎጅኑን (ባለ ክሩን የድሮ አምፖል) አስወጥቼ ነጭ ኤልኢዲ አስገባሁ። ሻጩ «ሌሊቱን ቀን ያደርግልሃል» ብሎኝ ነበር።

ግቢ ውስጥ ሳበራው እውነትም ያምራል። ጉዱ መንገድ ላይ ነው። አፍንጫዋ ስር ያለው አስፋልት ወተት ይመስላል፣ ራቅ ሲል ግን ድቅድቅ ጨለማ። ቅዳሜ ማታ ከደብረ ሲና ስመለስ ጣርማ በር ላይ ጉም ገጠመኝ። ነጩ ብርሃን ተመልሶ ዓይኔ ውስጥ ገባ። የመንገዱ ጠርዝ ጠፍቶኝ በአንድ አይሱዙ የኋላ መብራት እየተመራሁ ወጣሁ። ከፊት የሚመጣው ሁሉ ደግሞ ረጅሙን ይለቅብኛል። አጭር ላይ ነኝ እኮ!

እንደገባኝ፣ አንጸባራቂው የተሠራው ለሃሎጅኗ ቀጭን ክር ነው። ብርሃኑ ከክሯ ቦታ ትንሽ ከተዛነፈ ይበተናል። ግድግዳ ላይ ሳየው የአጭሩ መብራት የላይኛው ጠርዝ ቁርጥ ያለ መስመር የለውም። አምፖሉን አዙሬ ብርሃን የሚያወጡትን ቺፖች ወደ ግራና ቀኝ አደረግኳቸው። ያው ነው።

በማስተካከያው ቡሎን ዝቅ ባደርገው ይሻለው ይሆን ወይስ ልፋት ብቻ ነው? ወይስ ወደ 60/55 ዋቱ ሃሎጅን ልመለስ? አሮጌዎቹን አልጣልኳቸውም፣ ኮመዲኖ ውስጥ አሉ። ፕሮጀክተር (ባለ ሌንስ የፊት መብራት) ያስገጠመ ካለ ደግሞ ስንት እንዳስወጣው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል። ሰኞ ሌሊት ደግሜ በዚያው መንገድ እወርዳለሁ።