ከማንጎና ከሙዝ በቀር አልቀምስ ያለች ኤሊ፤ ወደ ሣር የሚመልሳት ዘዴ ይኖር ይሆን?

ጠያቂ፦ እናት ዘሽምብጥ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ ሲሆን፣ በግቢያችን ውስጥ የቀድሞ ተከራዮች ትተዋት የሄዱ አንዲት የየብስ ኤሊ አለች። ቅርፊቷ ብጫማ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ የተረጨበት ነው፤ መጠኗ ከመካከለኛ ሰሃን እምብዛም ስለማይበልጥ ገና በማደግ ላይ ያለች ይመስለኛል። የቸገረኝ የአመጋገቧ ነገር ነው። ማንጎ፣ ሙዝና ሐብሐብ ሲቀርብላት አንገቷን አስግጋ እየተጣደፈች ትመጣለች፤ ቲማቲምም አትጠላም፤ ሣር ወይም ጎመን ያስቀመጥሁ እንደሆነ ግን አሽትታ ፊቷን ታዞራለች። ከሣሩ ጋር ሙዝ ቆራርጬ ስደባልቅላት ሙዙን ብቻ ለቅማ ሣሩን ትተዋለች። ልጆቹ ደግሞ ሳላያቸው በወተት የራሰ ዳቦ ያቀምሷታል።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ኩሷ ቀጥኗል፤ የጀርባዋ ቅርፊትም እንደ ቀድሞው ልሙጥ መሆኑ ቀርቶ እያንዳንዱ ክፋይ ወደ ላይ ጉብ ጉብ ማለት ጀምሯል። ጎረቤቶቼ «ሲርባት ትበላለች፤ ተዪያት» ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ በረሃብ እንዳትጎዳብኝ እፈራለሁ። ቀን ቀን የምትውለው በመስታወት በተከለለው በረንዳችን ውስጥ ነው፤ ውሻ ስላለን ግቢ ውስጥ ለቅቄያት አላውቅም። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መልስ 1፦ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ከዘንዘልማ

እህቴ፣ ከገለጿት መልክ ስነሣ ኤሊዎ ሌፐርድ ቶርቶይዝ የሚባለው ዝርያ ትመስላለች። ይህ ዝርያ ከአገራችን ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ በሣር ምድርና በቁጥቋጦ ውስጥ የሚኖር ሣር በል ነው። በተፈጥሮ ቦታው ከዛፍ የወደቀ ፍሬ ቢያገኝ ባይምርም፣ ዋና ቀለቡ ሣርና የሜዳ ቅጠል ነው። የሆድ ዕቃው የተሠራው ጭረት (ፋይበር) የበዛበትን ምግብ በውስጡ ባሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን አማካይነት ቀስ ብሎ እንዲያብላላ ስለሆነ፣ ስኳር የበዛበት ፍራፍሬ ሲዘወተርበት የተሕዋስያኑ ሚዛን ይዛባል፤ ሆድ በጋዝ ይነፋል፣ ኩስም ይቀጥናል። ያዩት የኩስ መቅጠን ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ወተትና ዳቦውን በተመለከተ ከዛሬ ጀምሮ እንዲቀር ከማለት ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ሁለተኛውና የከፋው ጉዳት በአጥንትና በቅርፊት ላይ የሚደርሰው ነው። በማደግ ላይ ያለች ኤሊ በምትበላው ውስጥ ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ ቢያንስ እጥፍ ያህል እንዲሆን ይፈለጋል። ሙዝ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ በ100 ግራም ውስጥ ያለው ካልሲየም 5 ሚሊ ግራም ገደማ ሲሆን፣ ፎስፈረሱ 22 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ቲማቲምም ፎስፈረሱ ያመዝናል። ሰውነቷ የጎደለውን ካልሲየም ከገዛ አጥንቷ እየሳበ ስለሚያሟላ፣ ውሎ አድሮ ቅርፊቷ ይለሰልሳል፣ እግሮቿም ይዝላሉ። ጉብ ጉብ ማለቱ ከዚሁ ጋር ሊያያዝ ቢችልም፣ በደረቅ አየር ውስጥ ማደግም ዋነኛ ምክንያት ስለሆነ ጥፋቱን ሁሉ ምግቡ ላይ አልጥለውም።

ከምግቡ በፊት ግን መስተካከል ያለበት በረንዳው ነው። ካልሲየሙ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው በቫይታሚን ዲ አማካይነት ነው፤ ይህን ቫይታሚን ቆዳዋ የሚሠራው አልትራቫዮሌት ቢ የሚባለውን የፀሐይ ጨረር ሲያገኝ ሲሆን፣ የመስኮት መስታወት ብርሃኑንና ሙቀቱን እያሳለፈ ይህን ጨረር ያስቀረዋል። ስለዚህ በረንዳው ውስጥ ፀሐይ ስትሞቅ የዋለች ብትመስልም የምትፈልገውን አላገኘችም። በውጭ አገር ያሉ አርቢዎች ልዩ አምፖል ይገዛሉ፤ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ላለነው ለእኛ ግን ደጁ ይበቃል። ውሻው የማይደርስበትን የግቢውን ጥግ በጠንካራ አጥር ከልለው፣ ግማሹን ጥላ አድርገው በየቀኑ ለጥቂት ሰዓታት ያውጧት። ሰውነቷ ካልሞቀ የምግብ ፍላጎቷም አይነሣም፣ የበላችውንም አታብላላም። በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲበርድ ወደ ማታ የተሰጣት ምግብ ሆዷ ውስጥ ስለሚቆይ፣ መመገቢያ ሰዓቷ ጠዋት ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ይሁን። ይህ ዝርያ በብርድ ወራት የሚተኛ ስላልሆነ፣ ቀዝቅዛ ስትደበት «የእንቅልፍ ወቅቷ ነው» ብላችሁ በካርቶን እንዳትዘጉባት።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ሙዙን ቆርጦ ከሣሩ ጋር መደባለቅ የማይሠራው እርስዎ ባዩት ምክንያት ነው፤ መርጣ ትለቅማለች። ከዚያ ይልቅ ለጋ ሰርዶ በመቀስ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል እያደረጉ ይቆራርጡ፤ ጥቂት ውሃ ያርከፍክፉበት፤ ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ሙዝ ጨምረው ሣሩ ሁሉ ሽታው እስኪይዝ ድረስ በእጅዎ ይሹት። ቁራጭ ሙዝ ስለማይታያት ሙዙን ለማግኘት ሣሩን መጉረስ ግድ ይሆንባታል። በየጥቂት ቀኑ ሙዙን እየቀነሱ በመጨረሻ ያስቀሩት። ኤሊዎች ወደ ቀይና ወደ ብጫ ቀለም ስለሚሳቡ፣ የዱባ አበባ ወይም የሂቢስከስ አበባ ከላይ ጣል ቢያደርጉበት ቶሎ ትጠጋለች። ጠዋት ከመብላቷ በፊት ለብ ባለ ውሃ፣ ከአገጯ በማያልፍ ጥልቀት፣ ለሩብ ሰዓት ያህል ማስቀመጥም ፍላጎቷን ይቀሰቅሳል።

የጎረቤቶችዎን ምክር ሙሉ በሙሉ አልጥለውም። ጤነኛ ኤሊ ሙቀትና ውሃ እስካላጣች ድረስ ለሳምንት ያህል ጥቂት ብቻ ብትቀማምስ አትጎዳም። ነገር ግን ቅርፊቷ ጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ፣ ዓይኗ ያበጠ ወይም ከአፍንጫዋ አረፋ የሚወጣ ከሆነ፣ ፍራፍሬ መከልከሉ ይቆይና አስቀድማ ትመርመር።

መልስ 2፦ የጎርጎራው አትክልተኛ

ባለሙያው በሰፊው ስለጻፉ ባልደግመው እወዳለሁ፤ በአንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። እኔ በምሠራበት የእንግዳ ማረፊያ ግቢ ያሉት ኤሊዎች እንግዶች ፍራፍሬ አልምደዋቸው ሣር ረስተው ነበር፤ እኔ ሙዝ ማሸት ውስጥ አልገባሁም። ፍራፍሬውን ጨርሼ አቋረጥሁና ሣር በበዛበት ስፍራ ለቀቅኋቸው። በሰሃን የሚቀርብ ምግብ ኤሊን ያቀናጣታል፤ ሣሩን ከሥሩ እየነጨች እንድትበላ ከተተወች ግን ተፈጥሮዋ ራሱ ይመራታል። እርግጥ ነው፣ የእኔዎቹ ትልልቆች ነበሩ፤ ለትንሿ የባለሙያው መንገድ ይሻል ይሆናል። ያም ሆኖ ለትንሿም ቢሆን ያገዳ ሣር አይስጧት፤ መንጋጋዋ አይቆርጠውም፤ ዝናብ ከዘነበ በኋላ የሚያቆጠቁጠው ለጋው ነው የሚስማማት።

ከሣር ሌላ ያለ ገንዘብ የሚገኝ ጥሩ ምግብ የባሕር ቁልቋል ቅጠል ነው፤ ማለቴ በለስ የሚያፈራው፣ ሰፋፊ ጠፍጣፋ ቅጠል ያለው። ካልሲየምም ጭረትም ውሃም ስላለው በየብስ ኤሊ አርቢዎች ዘንድ የተመሰገነ ነው። እኔ ቅጠሉን በጉጠት ይዤ በከሰል ፍም ላይ እያገላበጥሁ እሾሁን እለበልበዋለሁ፤ ትልልቁ እሾህ ቶሎ ይነዳል፤ የሚያስቸግረው በየነጥቡ ላይ ያለው ጸጉር መሰሉ ስለሆነ፣ ከለበለብሁት በኋላ በጨርቅ ጠርጌ፣ ዳር ዳሩን ከርክሜ በቁመቱ እሰነጥቀዋለሁ። አደራ፣ ወተት የሚያወጣው የአጥሩ ቁልቋል ሌላ ነው፤ ወተቱ አፍና ዓይን ያቃጥላል። ኤሊዋ በምትሰማራበት ቦታ ጉሎ፣ አስተናግርና የወፍ ቆሎ ካለ አስቀድመው ይንቀሉት።

የሐበሻ ጎመን ካልሲየሙ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በየቀኑ ብቻውን ከሆነ የእንቅርት ዕጢዋን ስለሚያውክ ከሌላው ጋር ይፈራረቅ። ቆስጣ ደግሞ ኦክሳሌት ስለሚበዛበት ካልሲየሙን አስሮ ያስቀረዋል፤ ባይሰጧት ይሻላል። የሽፈራው ቅጠልና የወይን ቅጠል ከተገኘ መልካም ነው። ሰላጣ ውሃ ነው፤ አይጎዳም፣ አይጠቅምም።

መልስ 3፦ ታዛቢ

ሁለት አጫጭር ነገሮች። አንደኛ፣ የዱር እንስሳን ይዞ ማቆየት በአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ስለሆነ፣ ትተዋት የሄዱት ሌሎች ቢሆኑም እርስዎ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ጠይቆ ማስመዝገቡ ይበጅዎታል። ሁለተኛ፣ ኤሊዎች ራሳቸው ሳይታመሙ ሳልሞኔላ የሚባለውን ተሕዋስ ሊይዙ ስለሚችሉ፣ ልጆቹ ከነኳት በኋላ በሳሙና ይታጠቡ፤ የምትታጠብበትም ገንዳ ዕቃ ከሚታጠብበት የተለየ ይሁን።

ጠያቂ፦ እናት ዘሽምብጥ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከበረንዳው አውጥቼ በቆርቆሮ አጥር ከልያታለሁ፤ የታሸውንም ሰርዶ ከዱባ አበባ ጋር ሳቀርብላት መጀመሪያ አበባውን፣ ቀጥላም ከሣሩ ጥቂት ጎረሰች። ሁለት ነገሮች ቀርተውኛል። አንድ ዘመዴ ከጣና ዳር እምቦጭ አምጥቼ እንድሰጣት ይመክረኛል፤ ከብቶች ሲበሉት አይቻለሁ ይላል። ሌላው ደግሞ ለካልሲየሙ ኖራ በጥብጬ እንድረጭበት ተነግሮኛል። ምን ትላላችሁ?

መልስ 1፦ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ከዘንዘልማ

ሁለቱንም ይተዉ። እምቦጭ በውስጡ የኦክሳሌት ክሪስታሎች (ደቃቅ ጠጣር ቅንጣቶች) አሉት፤ ከዚያም በላይ ከውሃው ውስጥ ከባድ ብረታ ብረቶችን ስቦ የሚያከማች ተክል ስለሆነ፣ ከከተማ ፍሳሽ መግቢያ አጠገብ የተለቀመ ከሆነ ምን እንደተሸከመ ማወቅ አይቻልም። ከብት መብላቱ ለዚህች ትንሽ ፍጡር ማረጋገጫ አይሆንም። የግድግዳ ኖራ ደግሞ የሚያቃጥል ነገር ነው፤ አፏንና ጉሮሯን ይልጠዋል።

ለካልሲየም የእንቁላል ቅርፊት ይበቃዎታል። አብዛኛው ክፍሉ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ በፈላ ውሃ ቀቅለው፣ በፀሐይ አድርቀው፣ በሙቀጫ እንደ ዱቄት እስኪልም ይውቀጡትና በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ በጣት ቆንጥረው እርጥቡ ሣር ላይ ይነስንሱ። በዱር ያሉት ኤሊዎች የደረቀ አጥንት ሲፍቁ፣ አልፎም ነጭ የጅብ ኩስ ሲበሉ የሚታዩት ይህንኑ ካልሲየም ፍለጋ ነውና፣ የተቀቀለና የደረቀ አጥንት ግቢው ውስጥ ቢያስቀምጡላትም ትፍቀዋለች።

ጉብ ጉብ ያለው ቅርፊት ተመልሶ እንደማይስተካከል ከአሁኑ ይወቁት፤ መመልከት ያለብዎት በክፋዮቹ መገጣጠሚያ ላይ የሚወጣውን አዲሱን ነጣ ያለ ዕድገት ነው። እሱ ጠፍጣፋና ጠንካራ ሆኖ ከወጣ አያያዝዎ ተስተካክሏል ማለት ነው። ክብደቷን በሳምንት አንድ ቀን በኩሽና ሚዛን እየመዘኑ ይመዝግቡ፤ ሣር እየበላች ሳለ በተከታታይ ሳምንታት ከቀነሰች፣ የሆድ ትል ሊሆን ስለሚችል ትኩስ ኩሷን በንጹሕ ብልቃጥ ይዘው ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይምጡ።